ወርቅ ጆሮ የመረጠው ማጫወቻ

ለመሆኑ እናንተ ኤምፒስሪ የሙዚቃ ማጫወቻ ልትገዙ ስትወጡ የማንን ጆሮ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት? የራሳችንን እንዳትሉ! በዚያ ዓመት በሴኡል ከተማ የራሱን ጆሮ ይዞ ዮንግሳን የኤሌክትሮኒክስ ገበያ የወረደ ሰው አልነበረም። ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ለልጇ የእንግሊዝኛ ትምህርት ማዳመጫ የምትፈልገው እናት፣ ሁሉም የፒዮ ሳንጉክን ጆሮ ተውሶ ነበር የሚሄደው።

ፒዮ ሳንጉክ «ጥሩ ጆሮ» በሚባል የኢንተርኔት መድረክ ላይ የሙዚቃ ማጫወቻዎችን እየመረመረ ይጽፋል። ተከታዮቹ «ወርቅ ጆሮ» የሚል ስም አወጡለት። እሱም መጀመሪያ «ኧረ እባካችሁ፣ እኔ ማነኝና» አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ስሙን በጽሑፎቹ ሁሉ ግርጌ ለጠፈው። የአንዱ ማጫወቻ ድምፅ «ሞቅ ያለና ወፈር ያለ» ነው፤ የሌላው «ቀጠን ያለ፣ ግን ምላስ ላይ የሚቆይ»። ሰውየው ስለ ሙዚቃ ይጻፍ ስለ ሾርባ የሚለይ አልነበረም። ያም ሆኖ እሱ «ግዙ» ያለው ዕቃ ሳምንት ሳይሞላው ከሱቅ ይጠፋል።

ታክ ኦክሂ እዚህ መንጋ ውስጥ ትገባለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ናት። ጋዜጣ ላይ የተንሻፈፈ ዓረፍተ ነገር ካየች አዘጋጁ ዘንድ ደውላ ታፋጥጠዋለች። ርእሰ መምህሩ ንግግር ሊያደርግ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው እሷ የተቀመጠችበትን ወንበር ነው። በዚያ ጸደይ ግን ጨንቋት ነበር፤ የጨነቀው ሰው ደግሞ የማያምነውን ያምናል።

አባቷ ታክ ማንሶ የፓንሶሪ ከበሮ መቺ ናቸው። በፓንሶሪ አንዲት ዘፋኝ ማራገቢያ ይዛ ትቆማለች፣ አንድ ከበሮ መቺ ከጎኗ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ረጅም ታሪክ ለሰዓታት ያወርዱታል። ከበሮ መቺው ምት ጠባቂ ብቻ አይደለም። «እሰይ!» «አበጀሽ!» እያለ ዘፋኟን ይገፋታል። ትንፋሽ ሲያጥራት ወይም ቃል ሲጠፋት ጮኾ፣ መትቶ፣ ሕዝቡ ሳይነቃ ያሻግራታል። ማንሶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያሻግሩ የኖሩት ሚስታቸውን ኦ ቦንዬን ነው። ቦንዬ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ደግሞ ማንሶን ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው፣ ዱላውን የሚይዘው እጅ፣ ዛለ።

ሐኪሙ «እጁ አሁን ካልሠራ በኋላ አይመለስም፤ የሚያሠራው ነገር ፈልጉለት» አለ። ነርሷ የላስቲክ ኳስ አመጣች።

«ምን ላድርገው?» አሉ ማንሶ።

«ይጭመቁት፣ አባባ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ተጫወት ትለኛለች!» ብለው በደህናው እጃቸው ወደ መስኮቱ ወረወሩት።

ኦክሂ የእናቷን ድምፅ ማምጣት እንዳለባት ያኔ ገባት። የቦንዬ ረጅም ዜማ በክፍል በክፍል ተከፍሎ በሲዲ ተቀድቷል። የመጀመሪያውን ቀን ትንሿን የሲዲ ማጫወቻ አልጋው ላይ አድርጋ ከፈተችላቸው፤ ማንሶም ዱላውን በፋሻ መዳፋቸው ላይ አስጠምጥመው የታጠፈውን ብርድ ልብስ መምታት ጀመሩ። አልጋው ሲነቃነቅ ሲዲው ዘለለ። እንደገና መቱ፣ እንደገና ዘለለ።

«ይኼ ዕቃ ከእኔ ይበልጥ ታሟል» አሉ።

ስለዚህ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ሲመቱበት የማይደነግጥ ማጫወቻ ያስፈልጋል። ኦክሂ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቀጥታ ዮንግሳን ሄደች።

ዮንግሳንን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፎቁ ሁሉ ሱቅ፣ ሱቁ ሁሉ መስታወት፣ ከየመስታወቱ ኋላ እጅጌህን የሚጎትት ሻጭ። ኦክሂን የጎተታት ፀጉሩን በቅባት እንደ ጃርት ያቆመ ጎረምሳ ነበር።

«እትዬ! ሌላው ሱቅ ዋጋው ስንት ነው አለሽ?»

«ዋጋ አልጠየቅኩም። ረጅም ዜማ ሳይቆራርጥ የሚያጫውት የትኛው ነው?»

«ሁሉም ያጫውታል።»

«ሁሉም የሚያጫውት ከሆነ ይኼን ሁሉ ዓይነት ለምን ደረደርከው?»

«ቀለሙ ይለያያላ!»

ኦክሂ ልትሄድ ዞር አለች። ጎረምሳው ግን የዋዛ አልነበረም። ከመሳቢያው በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጣና ፊቷ ዘረጋው። «እትዬ፣ እኔን አትመኚ፤ እኔ ሻጭ ነኝ፣ ልዋሽ እችላለሁ። ወርቅ ጆሮ ያለውን አንብቢ።»

አነበበች። ፒዮ ሳንጉክ ማስቲካ ስለምታህል አንዲት ብርማ ማጫወቻ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ከአንዱ የዜማ ክፍል ወደ ሌላው ስትሻገር ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት የላትም። ረጅም ሥራ በእሷ ውስጥ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ክፍተት ሰማሁ የሚል ሰው ካለ ማሽኗን ትቶ የራሱን ጆሮ ይመርመር።»

መምህርቷን የጣላት ይኸው ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ ቃል አልተረፈውም። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ሰምቶ መሆን አለበት አለች። «እስቲ አሰማኝ» ስትለው ጎረምሳው ፀጉራቸውን ቀይ የተቀቡ ልጃገረዶች የሚንጫጩበትን ዘፈን ለቀቀላት። ዘፈኑ ሳይጀመር አለቀ። ድምፁ ጥሩ ነበር። ወርቅ ጆሮ የመረጠውን ዕቃ ጠርጥራ ብትመለስ ደግሞ ጎረምሳው ይስቅባት ነበር። ገዛች፤ ማታውንም የእናቷን ሲዲ ገለበጠችባት።

ማንሶ ዕቃዋን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አገላበጧት። «ቦንዬን እዚህ ውስጥ አስገባኋት ነው የምትይኝ?»

«ሙሉውን፣ አባዬ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«እናትሽ ወፍራም ነበረች።»

ከጎናቸው አልጋ ባሏን የምታስታምመው፣ ከኮጄ ደሴት የመጣችው ሴትዮ መንደሪን እየላጠች ሳቀች። ኦክሂ ግን አባቷ ያላመኑበትን ነገር እጃቸው እንደማያስገቡ ስለምታውቅ የፒዮን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ማንሶ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይኼ ፒዮ የትኛው ፒዮ ነው? ከየት ነው ዘሩ?»

«እኔ እንጃ አባዬ፤ ዘሩን አልጻፈም።»

«ከበሮ ያውቃል?»

«ጆሮ ያውቃል። አገሩ ሁሉ የሚሰማው እሱን ነው።»

«እንግዲያው ይሁን። ጆሮ የሚያውቅ ሰው ነገሩን እንዲህ ነው የሚናገረው።»

ጀመሩ። የቦንዬ ድምፅ፣ ያ ሰንጠቅ ያለው ወፍራም ድምፅ፣ ኦክሂ ማጫወቻዋ ላይ ከሰካቻት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ማንሶ ግራ መዳፋቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፉ፣ ቀኙ ዘግይቶ ተከተለ። «እሰይ!» አሉ። የኮጄዋ ሴትዮ የመንደሪን ልጣጭ እጇ ላይ ቀረ። ዱላው ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን በቦታው እየወደቀ ሄደ። ኦክሂ በአስታማሚ ዝቅተኛ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ የአባቷን አውራ ጣት ብቻ ታያለች፤ አውራ ጣቱ ዱላውን ጫን አለው። ካመማቸው ወዲህ እንዲህ ሲያደርግ አይታ አታውቅም።

ዜማው ዝግ ካለው ምት ወደ ፈጣኑ የሚሻገርበት ቦታ ደረሰ። ቦንዬ ቃሉን ጎትታ፣ ጎትታ፣ ልትለቀው ስትል ድምፁ ጠፋ።

ዝም አለ። አንድ እስትንፋስ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይመስለውም። ማንሶ ግን ከበሮ መቺ ናቸው፤ ዘፋኝ መሐል ላይ ዝም ካለች ቃል ጠፍቷታል ማለት ነው። ሲያደርጉት የኖሩትን አደረጉ። «አይዞሽ! አበጀሽ!» ብለው ጮኹ፣ ክፍተቱን ሊሸፍኑ ደረብ አድርገው መቱ። ድምፁ ተመለሰ፤ የማንሶ ዱላ ግን ከምቱ ወጥቶ ወደቀ። ሊይዙት ሞከሩ። ሊደርሱባት ሲሉ የሚቀጥለው ክፍል መጣ፣ እንደገና ዝም አለ፣ እንደገና ጮኹ፣ እንደገና ወደቁ።

ዱላው ቆመ።

«እናትሽ እዚህ ቦታ ላይ ተሰናክላ አታውቅም» አሉ ማንሶ ቀስ ብለው።

«አባዬ፣ ማሽኑ ነው! ክፍል ሲቀይር ይቆርጣል፤ እኔም ሰማሁት።»

«አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ? ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት የለም አለ። ሰማሁ የሚል ጆሮውን ይመርመር አለ። ይኸው መረመርኩ። እጄ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ጆሮዬም ሄዷል።»

ፋሻውን በጥርሳቸው ፈቱ። ዱላውን ትራስጌ ሳይሆን መሬት ላይ አስቀመጡት።

ከዚያን ቀን በኋላ ማንሶ ቀኝ እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተቱት። ነርሷ መጣች፣ ለመነች፣ ተቆጣች። ሐኪሙ መጣ፤ የማንሶን እጅ አንሥቶ ለቀቀው፣ እጁም ዝም ብሎ ወደቀ፤ ሐኪሙ ኦክሂን በረንዳ ላይ ጠርቶ «የሚመለስበት ዕድል እየራቀ ነው» አላት። ማንሶ ከበሮውን ለተማሪያቸው ላኪልኝ አሉ። ኦክሂ «እሺ» ብላ አልላከችውም።

ሲዲውን መልሳ አምጥታ፣ ራሷ በእጇ ይዛ፣ አልጋ ሳይነካ አሰማቻቸው። በዚያው ቦታ ላይ የቦንዬ ድምፅ ሳይቆረጥ ተሻገረ።

«ይኸው! ሰሙ አባዬ? ክፍተት የለም!»

«ይኼ የሌላ ቀን ቅጂ ይሆናል።»

«ያው ቅጂ ነው፣ አባዬ! ከዚሁ ነው የገለበጥኩት!»

«ኦክሂ፣ እኔም እናቴ ልትሞት ስትል ደህና ነሽ ብዬ ዋሽቻታለሁ። ልጅ አባቱን ለማጽናናት ይዋሻል፤ አልቀየምሽም። ያንን የጻፈው ሰው ግን አያውቀኝም፣ አያዝንልኝም፣ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። እሱ ተሳስቻለሁ ካለ እሰማለሁ።»

የሚዋሽበት ምክንያት የለውም! ኦክሂ ይህንን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። በ«ጥሩ ጆሮ» መድረክ ላይ በጨዋ ቋንቋ ጻፈች፦ አቶ ፒዮ፣ ይህ ማጫወቻ ፓንሶሪ ሲያጫውት በየክፍሉ መሐል ይቆርጣል፤ በዚህ የተነሣ ስትሮክ የመታቸው አባቴ እጃቸውን ማሠራት ትተዋል፤ እባክዎ አዳምጠው ያርሙ።

የወርቅ ጆሮ ደቀ መዛሙርት እንደ ተርብ ወጡ። አንዱ «አክስቴ፣ መመሪያውን አንብቢ» አለ። ሌላው «ፓንሶሪ? በዚህ ዘመን?» ብሎ ሳቀ። ሦስተኛው «መጀመሪያ ጆሮሽን አስጠርጊ» ሲል ሃምሳ ሰው አጨበጨበለት። አንዳቸውም ማጫወቻቸውን አንሥተው አልሞከሩም፤ ሁሉም ግን ኪሳቸው ውስጥ ነበረች! ሲነጋ ጽሑፏ ጠፍቶ በቦታው «የመድረኩን መልካም መንፈስ ስለሚያውክ ተነሥቷል» የሚል ማስታወቂያ ቆሞ ነበር። መልካም መንፈስ ማለት በእነሱ ቤት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስህተት አብሮ ሲሳሳት ነው።

ፒዮ ሳንጉክ የዓመቱን ምርጥ ማጫወቻ የሚያውጀው በዚያ ቅዳሜ ነበር። ኦክሂ ማጫወቻዋን፣ ሲዲውን ከነማጫወቻውና ትንሿን ድምፅ ማጉያ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

አዳራሹ በዮንግሳን አንድ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ አንድ ነገር አንጠልጥሏል፤ ያችን ብርማ ማስቲካ ያንጠለጠለው ይበዛል። ላልመጡት አባላት የኢንተርኔት መድረኩ ላይ እንዲለጠፍ አንድ ሰው በካሜራ ይቀርጻል። ፒዮ እስከ አገጩ የሚደርስ ጥቁር ሹራብ ለብሷል፤ ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከሰማይ የሆነ ድምፅ እየመጣለት ይመስል። «ማጫወቻ መምረጥ ማለት ራስን መምረጥ ነው» አለ። አንዳንዱ ማስታወሻ ያዘ። ምን ብሎ እንደ ጻፈው ፈጣሪ ይወቅ። ከዚያም ያችኑ ማጫወቻ የዓመቱ ምርጥ ብሎ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

«ጥያቄ ካለ» አለ ፒዮ።

ኦክሂ ማይኩን ተቀበለች። «ታክ ኦክሂ እባላለሁ፤ መምህርት ነኝ። አቶ ፒዮ፣ ከጥያቄዬ በፊት አንድ ነገር ላሰማዎት።»

የእናቷን ድምፅ ለቀቀችው። ቦንዬ ቃሉን ጎተተች፣ ጎተተች። ዝም አለ። ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «እንዴ» አለ። ቀጥላ ሲዲውን ለቀቀች። ድምፁ ሳይቆረጥ ተሻገረ።

«ምናልባት የገለበጡበት መንገድ ይሆናል» አለ ፒዮ ፈገግ ብሎ።

«እዚህ የተቀመጠ ሁሉ አንገቱ ላይ አለችው፤ የፈለገውን ረጅም ነገር ይክፈትና ይስማ!»

ሁለት ሦስት ሰዎች ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አጠለቁ። ጊዜ አልወሰደባቸውም። አንዱ ወጣት ማዳመጫውን አውልቆ አየው፤ የሌላ ሰው ዕቃ ተሳስቶ ያነሣ ይመስል።

«እመቤቴ፣ የእርስዎ አጠቃቀም ትንሽ የተለየ ነው» አለ ፒዮ፤ ፈገግታው አሁን ጠበብ ብሏል። «ሰው የሚሰማው ሦስት ደቂቃ ዘፈን ነው። ሲያልቅ ትንሽ ዝም ቢል ማን ይጎዳል?»

«ታዲያ ‹ረጅም ሥራ እንደ ወንዝ ይፈስሳል› ብለው ሲጽፉ የትኛውን ወንዝ ሰምተው ነው?»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ፒዮ ማይኩን አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወደ ኦክሂ ቀረበ። ከአፉ የሚወጣው ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ፣ የሽማግሌ ነበር።

«መምህርት፣ በረንዳ ላይ እንነጋገር። አባትዎ እንደ ታመሙ አንብቤያለሁ፤ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። አዲሱን ሞዴል እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ። ይኼ መቆረጥ በሚቀጥለው ይስተካከላል፤ ገና ባለፈው ክረምት ለፋብሪካው ሰዎች ነግሬያቸው ተቀብለውኛል።»

ኦክሂ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰውየውን ስትሳደብ የኖረችው ሳይሰማ ጻፈ ብላ ነበር። ደንቆሮ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ የሦስት ደቂቃ ሰው ነው ብላ ነበር። አልነበረም። ጆሮው እውነትም ወርቅ ነው! ከሁሉም ሰው በፊት ሰምቷል። ለፋብሪካው «ይቆርጣል» አለ፤ ለሕዝቡ «ጆሮህን መርምር» አለ። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው የሚዋሽበት ምክንያት የለውም ብለው የሚያምኑት ይህንን ሰው ነው።

«በክረምቱ?» አለች። «ጽሑፉን ያወጣኸው እኮ በጸደይ ነው።»

እርስዎ መባሉ ቀርቶ አንተ መባሉን ፒዮ ሳይሰማው አልቀረም። «ቀስ ብለው፣ መምህርት። ሰው እየሰማ ነው።»

«ይስማ!»

«ሥራዬ ነው። እነሱ ዕቃ ካልላኩልኝ ምን እጽፋለሁ? ለአባትዎ የሚሻለውን እናስብ። አዲሱ ማጫወቻ ነገ ይደርሳቸዋል፣ እዚሁ እንጨርሰው።»

«አባቴ አዲስ ማጫወቻ አይፈልጉም። ወርቅ ቢሆን አይነኩትም። እሳቸውን ያሳመመው ዕቃው መሰለህ? ያንተ ዓረፍተ ነገር ነው!»

ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ማይክ አነሣችና አበራችው። ካሜራ የያዘው ሰው ይቅረጽ ይተው ስላላወቀ ወደ ፒዮ ተመለከተ። ፒዮ በእጁ አጥፋው ብሎ ጠቆመ።

«እንዳታጠፋው!» አለች ኦክሂ፤ ሴት ተማሪዎቿን ከመቀመጫቸው የሚያስነሣው ድምፅ ነው። ካሜራው እንደ በራ ቀረ። «ላልመጡት አባላት ነው አላላችሁም? አንድ ያልመጡ ሰው አሉ፤ ሆስፒታል ናቸው፤ ታክ ማንሶ ይባላሉ፤ ከበሮ መቺ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ቀብረውታል፤ ሐኪሙ እጃቸው አሁን ካልሠራ አይመለስም እያለ ነው። ልጃቸውን አያምኑም፤ ሲዲውን አያምኑም፤ የሚያምኑት ይኼን ሰው ብቻ ነው!»

ከኋላ የነበሩት ቆሙ። ያ ወጣት ማጫወቻውን ከአንገቱ አውልቆ በእጁ ይዟል።

«ፒዮ ሳንጉክ! በረንዳ የለም፣ በጆሮ መንሾካሾክ የለም፣ ስጦታ የለም። ክፍተቱን በክረምቱ ሰምተኸዋል ወይስ አልሰማኸውም? ከሰማኸው በጸደይ ለምን የለም ብለህ ጻፍክ? ጆሯቸው ነው የሳተው ወይስ ማሽኑ? ማይኩ ይኸው፤ ካሜራው ይኸው፤ ሰዎችህ ይኸው ቆመዋል። እሳቸው ከአንተ አፍ እንዲሰሙት፣ አሁን፣ እዚሁ፣ በሁሉም ፊት መልስ!»